ስለ ጎረቤታችን ስትናገሩ ድሬዳዋ ትሰማለች

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለሶማሊያ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ሞቃዲሾ
ግልባጭ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ጉዳዩ፦ የኢትዮጵያና የሶማሊያ የባሕር መውጫ ንግግር፣ የአንካራው፣ የት እንደደረሰ እንዲነገረን፣ የድንበሩ አካባቢ ሰውም እንዲሰማ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ድሬዳዋ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ጡረታ ለመውጣት 2 ዓመት ይቀረኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጠየቀችኝ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ደህና አድርጌ አልመለስኩላትም።

ወቅቱን ታስታውሱታላችሁ። ታህሳስ 22 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድና ከሶማሊያ ተነጥላ ራሷን የምታስተዳድረው የሶማሊላንድ የዚያን ጊዜ ፕሬዝዳንት ሙሴ ቢሂ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈርመው ነበር። ኢትዮጵያ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ ታገኛለች ተባለ። ሞቃዲሾ ሉዓላዊነቴ ተደፈረ አለች። ፕሬዝዳንት ሐሰን ሼክ ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። እዚያም እዚህም ስልኩ ሁሉ ጦርነት ሆነ። የካቲት 26 የካራማራ ድል መታሰቢያ እየተቃረበ ስለነበር ልጆቹ በየቲክቶኩ ያዩትን ይዘው ክፍል ይገባሉ።

እኔ ያን ቀን የ1969ኙን ጦርነት ሳስተምር ነበር። እንደ ወትሮዬ ካርታውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ጎዴን፣ ጅጅጋን፣ ካራማራን፣ ሐረርን፣ ድሬዳዋን አስቀመጥኩ። ከዚያ «ሐምሌ ላይ ሶማሌ ወረረን» አልኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሶማሌ ወረረን ስትል እኔንም ነው?» አለችኝ።

ክፍሉ ዝም አለ። ልጅቷ ሶማሌ ናት። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ኢትዮጵያዊት ናት። አያቷ በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የቆሰሉ ሰው መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ግን የመለስኩላት «አይ፣ አንቺን አይደለም፣ የሶማሊያን መንግሥት ለማለት ነው» ብዬ ነው። እውነት ነው፣ መንግሥቱን ለማለት ነው። ግን መንግሥቱን ለማለት ለምን መንግሥቱን አላልኩም? በአማርኛችን «ሶማሌ» ሕዝቡም ነው፣ አገሩም ነው፣ ክልሉም ነው፣ ጠላት የተባለውም ነው። በሰላሙ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። እናንተ ስትጣሉ ግን የቃሉ ክብደት የሚያርፈው ከዚያች ልጅ ላይ ነው።

ሞቃዲሾ ያላችሁም እንደዚሁ ናችሁ። ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስትጣሉ በየመድረኩ «ሐበሻ» የምትለው ቃል ትወጣለች። በዚያች ቃል ውስጥ እኔም አለሁ፣ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ጫሌ ማዶ ተሻግሮ በቀን ሥራ የሚያድረውም ልጅ አለ። እሱ የፈረመው ሰነድ የለም።

እኔ ራሴ ጦርነቱን በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፤ የምንኖረው ለገሀሬ ነው። ሐዲዱ ከተቆረጠ ሰንብቷል። ባቡር የማይመጣባት ድሬዳዋ ምን እንደምትመስል የባቡር ሠራተኛ ልጅ ያውቃል። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ከተማዋ ጫፍ የደረሰ ዕለት አባቴ ፍራሹን አውርዶ መስኮቱ ላይ ደገፈው። እኛ አልጋ ሥር ነበርን። ከተማዋ የተረፈችው ጦሩ ስለተዋጋና የአየር ኃይሉ ጣቢያ እዚሁ ስለነበረ ነው። አብራሪዎቹን ሕፃን ሳለን በስም እንቆጥራቸው ነበር። ከነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ተማርኮ 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስሯል። ለነዚህ ሰዎች ያለኝ ክብር እስከ መቃብር የሚሄድ ነው። ይህን የምለው ደብዳቤዬን አንብቦ «ካራማራን ሊያስረሳን ነው» የሚል እንዳይኖር ነው። ካራማራ አይረሳም። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ አባቴ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ግን ያን ዓመት ሌላም ነገር አይቻለሁ። ከግቢያችን ጎን ወተት የሚሸጡ እናት ነበሩ። «ኤዶ» እንላቸው ነበር፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። እናቴ ስትታመም እኔን የሚያበሉኝ እሳቸው ናቸው። «ሰርጎ ገብ» የሚባለው ወሬ ሰፈሩን ሲሞላ ሰው ወተታቸውን መግዛት አቆመ። ማንም አልመታቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። ዝም ብሎ መግዛት አቆመ። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ቤታቸው ባዶ ነው። ጅቡቲ ሄዱ ተባለ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «አንድ ጣሳ እንኳ ብገዛቸው ምን ነበር» ትል ነበር።

እንግዲህ የተማርኩትንና ያስተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ጥያቄዬ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለቱ አገሮቻችን ሲጣሉም ሲታረቁም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያለው በየቤታቸው ነው።

ሶማሊያ ነፃ ስትወጣ፣ ሰኔ 24 ቀን 1952፣ ባንዲራዋ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነበር። አንዱ ጫፍ የኛን ኦጋዴን ይወክላል። አንድ መንግሥት የሌላውን መሬት ባንዲራው ላይ ካስቀመጠ ወደኋላ መመለስ ይከብደዋል። በ1956 የካቲት ድንበር ላይ ተዋጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ ተሰብስቦ በነፃነት ጊዜ የነበረው ድንበር ይከበር ሲል ሶማሊያ አልተቀበለችም። ሆኖም ከ3 ዓመት በኋላ መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል የሚባሉ ጠቅላይ ሚኒስትር መጡ። የይገባኛል ጥያቄውን ሳይተዉ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር ጀመሩ። ድንበሩ ረገብ አለ። ይህን ዘመን ተማሪዎቼ አያውቁትም፤ ጦርነት ስለሌለበት መጽሐፉ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ወደ ኋላ ሳስብ ሁለቱ አገሮች ለሰላም በጣም የቀረቡት ያኔ ይመስለኛል። በ1962 ጥቅምት ፕሬዝዳንት ሸርማርኬ ተገደሉ። በሳምንቱ ጦሩ ሥልጣን ያዘ። ዚያድ ባሬ መጣ፣ ኢጋል ታሰሩ።

ከዚያ የ1969ኙ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ አብዮቱ የራሱን ልጆች ይበላል። ኤርትራ ውስጥ ጦርነት አለ። አሜሪካ ፊቷን አዙራለች። ዚያድ ባሬ ይህን አይቶ «አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም» አለ። በመጋቢት ፊደል ካስትሮ ኤደን ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ዚያድን ፊት ለፊት አስቀምጠው ነበር። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን በፌዴሬሽን ይያያዙ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ዚያድ እምቢ አለ። ከ4 ወር በኋላ ታንኩ መጣ። ደርግም ወረራውን ለራሱ ቤት ተጠቀመበት። «የእናት አገር ጥሪ» ሲታወጅ ሕዝቡ ከልቡ ነው የዘመተው፤ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባው ገበሬ አገሩን ብሎ ነው። በዚያው ስም ግን ከተማ ውስጥ ስንት ወጣት «ፀረ አብዮት» ተብሎ ተረሸነ። ዚያድስ ምን አተረፈ? ሶቪየቶችን አባረረ፣ ኩባዎች መጡበት፣ ተሸነፈ። ጦሩን ካስወጣ በወሩ የራሱ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩበት።

ከዚያ በኋላ ላሉት 10 ዓመታት እያንዳንዱ የሌላውን አማፂ ማሳደር ሆነ ሥራው። የሶማሊያ ተቃዋሚዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ሰፈሩ። የሕወሓትና የሻዕቢያ ሰዎች ደግሞ በሶማሊያ ፓስፖርት ዓለምን ዞሩ።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምፈልገው ቦታ ጋ ደርሻለሁ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል። ስለ ሰላሙ ግን ማንም አያወራም። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ የደርግ ጦር ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ደርግ ወደ ሰሜን የሚልከው ጦር አጥብቆ ፈለገ። ዚያድ በበኩሉ በሰሜን ሶማሊያ የሚወጋው አማፂ ከኢትዮጵያ እንዲባረርለት ፈለገ። ስለዚህ በዚያው ወር መጨረሻ ሁለቱ ታረቁ። ጦር ከድንበር ይነሳል፣ እስረኛ ይለቀቃል፣ አንዱ የአንዱን ተቃዋሚ አይረዳም ተባለ። ለስንት ዘመን የተመኘነው ሰላም በጥቂት ቀን ተፈረመ። ከ3,000 በላይ ምርኮኞቻችን ከ11 ዓመት በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላሳንሰውም።

ግን ድንበር ላይ ያለውን ሰው ማንም አልጠየቀውም። ከኢትዮጵያ ውጡ የተባሉት የሶማሊያ አማፂዎች ግንቦት ላይ የሰሜን ሶማሊያዎቹን ከተሞች ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቁ። ዚያድ መልሱን በአውሮፕላን ሰጠ። ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ደበደቡ። ከተማዋ ፈራረሰች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በእግሩ ወደ እኛ ጎረፈ። በጅጅጋ በኩል ሐርትሼክ ላይ ከቁጥቋጦ በቀር ምንም ያልነበረበት ሜዳ የድንኳን ከተማ ሆነ። ከ3 ዓመት በኋላ ሁለቱም ፈራሚዎች የሉም። ዚያድ በ1983 ጥር ሞቃዲሾን፣ መንግሥቱ በዚያው ዓመት ግንቦት አገሩን ጥለው ሸሹ። መንግሥቱ በሸሸ ሰሞን ሰሜኑ «ሶማሊላንድ ነኝ» ብሎ አወጀ።

አያችሁ? በ2016 ሁለታችሁን ያጣላው የሶማሊላንድ ነገር ራሱ ቋጠሮው ያ ነው። ሐርጌሳ ከሞቃዲሾ የተቆረጠችበት ቁስል የተከፈተው «ሰላም» ብለን በፈረምንበት ወር ማግስት ነው። ሁለት መሪዎች እያንዳንዳቸው ከቤታቸው እሳት ለማምለጥ የፈረሙት ሰላም ነበር። እኔ የምፈራው ጦርነትን ብቻ አይደለም። እንደዚህ ያለውን ሰላምም እፈራለሁ።

አንካራን የማየው በዚህ ዓይን ነው። ታህሳስ 2 ቀን 2017 በቱርኩ ፕሬዝዳንት በኤርዶዋን ሸምጋይነት ስትስማሙ ድሬዳዋ እፎይ ብላለች። እውነቴን ነው፤ ከፊራ ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ስለዚያ ዜና ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት እኮ ነገሩ መስመር ስቶ ነበር። ሶማሊያ በመጋቢት 2016 አምባሳደራችንን አስወጣች፣ ሐርጌሳና ጋሮዌ ያሉት ቆንስላዎች ይዘጉ አለች። ነሐሴ ላይ ግብፅና ሶማሊያ የመከላከያ ውል ፈረሙ፣ የግብፅ መሣሪያ ሞቃዲሾ ደረሰ። የዓባይ ጠብ በኛ በኩል ባለው ድንበር ሊመጣ ነው ብለን ፈርተን ነበር።

በአንካራው መግለጫ ኢትዮጵያ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር አስተማማኝና ዘላቂ የባሕር መውጫ የምታገኝበት የንግድ ውል ይዘጋጃል ተባለ። በሰላም አስከባሪነት የወደቁ ወታደሮቻችን መሥዋዕትነትም ተጠቀሰ። ቴክኒካዊው ድርድር እስከ የካቲት 21 ተጀምሮ በ4 ወር ያልቃል ተባለ። የካቲት 11 ቀን አንካራ ላይ ተጀመረ። በየካቲት 20 ጠቅላይ ሚኒስትራችን ሞቃዲሾ ሄደው ተጨባበጡ። ከዚያስ? 4ቱ ወር ካለቀ ስንት ጊዜው! እኛ ጋ የደረሰ የተጨበጠ ነገር የለም።

የባሕር በር ጥያቄ የኔም ጥያቄ ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ ብያችኋለሁ። ይህች ከተማ የተወለደችው ወደ ባሕር ለሚወስደው መንገድ ብላ ነው። ሐዲዱ ባይመጣ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ንግዱን ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ የጅቡቲ በር ሲያሳልፍ ዋጋው ምን እንደሆነ የዘይትና የስኳር ዋጋ ይነግረናል። ስለዚህ ጥያቄው ይነሳ። አጥብቃችሁ ያዙት። ግን የውል ጥያቄ አድርጋችሁ ያዙት። የውስጥ ችግር በበረታ ቁጥር ከመሳቢያ የሚወጣና ሲቀል የሚመለስ አጀንዳ አይሁን። ይህን የምለው ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ሞቃዲሾም ከክልሎቿ ከጁባላንድና ከፑንትላንድ ጋር መስማማት ሲያቅታት የኢትዮጵያን ስም ማንሳት ይቀላታል። የምርጫ ጭቅጭቅ በጠነከረ ቁጥር ጎረቤት ጠላት ይሆናል። ሁለታችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። እናንተ ንግግሩን ጨርሳችሁ ከመድረክ ስትወርዱ የኛ ልጆች ገና ክፍል ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ንግግሩ የት እንደደረሰ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም አንድ ገጽ ጽፋችሁ አውጡ። ምስጢር ያለው ክፍል ይቆይ፤ ድርድር ነውና ሁሉ ይዘርገፍ አልልም። ግን ቆሟል ወይስ ቀጥሏል? ስለ የትኛው ወደብ ነው የሚወራው? ይህን ማወቅ የጦር ምስጢር አያወጣም። ሐርጌሳም የምትሰማበት መንገድ ይፈለግ። የሶማሊላንድን ነገር እንዴት እንደምትፈቱት እኔ አልወስንላችሁም፤ ግን በ1980 ያልተጠየቀው ሰው ዘንድሮም ሳይጠየቅ እንዳይቀር።

ደግሞ አንድ ስብሰባ እዚህ አድርጉ። አንካራ ጥሩ አስታራቂ ናት፤ ምስጋና ይገባታል። ግን አንካራ ውስጥ የጫት መኪና ሹፌር የለም። ከአወዳይ ጫቱን ጭኖ ሌሊቱን ቶጎ ጫሌ የሚደርሰውን ልጅ ጠይቁት። ኬላው የትኛው ቀን ለምን እንደሚዘጋ ከማናችሁም በላይ ያውቃል። ከድንበር ወዲያ ያለውን ውሃና ግጦሽ እንዴት እንደሚካፈሉ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ለነሱ ድንበሩ በየዓመቱ ዝናብን ተከትለው የሚሻገሩት ነገር ነው። ጅጅጋም ይሁን፣ ድሬዳዋም ይሁን፣ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ቦታ አናጣም።

ሦስተኛው ለትምህርት ሚኒስቴርም የሚደርስ ነው፤ ብታስተላልፉልኝ ደስ ይለኛል። ስለ 1969ኙ ጦርነት በምንጽፈውም በምናወራውም ወራሪውን በስሙ እንጥራው። የዚያድ ባሬ መንግሥት እንበለው። ከኢትዮጵያ ጎን የወደቁት ሶማሌዎችም በዚያው ገጽ ይጻፉ። እኔ ይህን ክፍሌ ውስጥ ጀምሬያለሁ። ቃሉ ይረዝማል፣ ምላስ ላይ ያስቸግራል፣ 30 ዓመት የለመድኩት ነውና አንዳንዴ ያመልጠኛል። ሲያመልጠኝ ተማሪዎቹ ያርሙኛል።

ያቺ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ክረምት ስትመጣ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ማሰቤን ነገርኳት። «ለሞቃዲሾ በአማርኛ ነው የምትጽፍላቸው ቲቸር?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። አሁን እሷ ወደ ሶማሊኛ እየመለሰችው ነው። ሞቃዲሾ የሚደርሰው የሷ ነው፤ እዚህ የምታነቡት የኔ ነው። መልስ ካላችሁ ለሁለታችንም ነው የምትጽፉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ ድሬዳዋ